በቻክራ ስም ሰውነቴን ያስጨነቅሁበት ዓመትና ከዚያ በኋላ የተማርኩት

ፑኔ በምትባለው የሕንድ ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ በምማርበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም፣ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ወለል ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ ትንፋሼን በአፍንጫዬ በኃይል አስወጣና መልሼ በኃይል እስብ ነበር። በስልኬ ከከፈትኩት የዮጋ ቪዲዮ የሚወጣው ድምፅ «ፍጠኑ፣ አታቋርጡ፣ ጉልበቱ ከአከርካሪያችሁ ሥር ሲነሣ ይሰማችኋል» ይላል። ጥቂት ደቂቃ እንደቀጠልኩ ጣቶቼን ውርር ያደርገኝ ጀመር፤ የከንፈሬ ዙሪያ ደነዘዘ፤ ራሴ ዞረ፤ ከዚያም የሁለቱም እጆቼ ጣቶች ያለ ፈቃዴ ተኮራመቱ። መደንገጥ ሲገባኝ ደስ አለኝ። በአከርካሪ ሥር እንደ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል የሚባለው፣ ኩንዳሊኒ የሚሉት ኃይል የነቃልኝ መሰለኝ።

በዚያ ሳምንት የነቃሁት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ እንቅልፍ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ያህል ሌሊቱን በሙሉ ልቤ ሲመታ እየሰማሁ አነጋሁ። ቀን ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የመምህሩን ንግግር ከመስማት ይልቅ ትንፋሼ ደርሶ እንዳይቋረጥ እጠብቃለሁ። ይህን የምጽፈው ዮጋን ለማውገዝ ወይም ለመስበክ ሳይሆን፣ ዛሬ ብዙ ወጣት በስልኩ ብቻ እየተመራ ወደዚህ ነገር ሲገባ ስለማይ፣ እኔ ከተሳሳተው በር ገብቼ የደረሰብኝን አውቆ ሌላው በትክክለኛው እንዲገባ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ዮጋ ያመጣኝ የወገብ ሕመም ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሼ ስለምውል ወገቤና ትከሻዬ ተያይዘው ያመኝ ጀመር፤ ሐኪሙም «ተንቀሳቀሺ» ከማለት በቀር የሚያሳስብ ነገር አላገኘብኝም። የሰውነት ማፍታታቱን ከቪዲዮ ጀመርኩ፤ ጥሩም ነበር። ችግሩ የመጣው ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ስሻገር ነው። በሰውነታችን ውስጥ 7 የኃይል ማዕከሎች እንዳሉ፣ ቻክራ እንደሚባሉ፣ እያንዳንዱም የራሱ ቀለም እንዳለው፣ ሲዘጋ ሕመምና ድህነት ሲከፈት ጤናና ሀብት እንደሚያመጣ ሰማሁ። ገንዘብ ከፍዬ በምስል ያነጋገርኩት አንድ «ፈዋሽ» ፊቴን አይቶ ብቻ ሦስተኛው ቻክራሽ ተዘግቷል አለኝ፤ ለማስከፈቻው የጠየቀኝ የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያህል ነበር። ከፈልኩ። ስለዚህ ሰው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ገንዘቡን በገዛ እጄ ነው የላክሁለት።

እንቅልፍ ባጣሁበት ሰሞን ፊቴ መገርጣቱን ያየችው አከራዬ፣ ከሰፈሩ ጥቂት መንገድ ወደምታስተምር አንዲት ሴት ይዛኝ ሄደች። ዕድሜዋ ከ60 ያለፈ፣ ተማሪዎቿ ሁሉ «ታይ» የሚሏት መምህርት ናት፤ ቃሉ በማራቲ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ሲሆን በእኛ «እትዬ» እንደማለት ነው። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። የተዘጋው ቻክራዬ የትኛው እንደሆነ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ግን በግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኗን ተክላ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝና አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረቴን ተመለከተች። ከዚያ «22 ጊዜ ተነፈስሽ» አለች። ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው የሚተነፍሰው፤ እኔ ተቀምጬም እየሮጥኩ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ኪሎ ሩዝ በከረጢቱ ይዛ መጣች። በጀርባዬ አስተኛችኝና ጉልበቴን አሳጥፋ ሩዙን ከእምብርቴ በላይ አኖረችው። «ስትስቢ ይነሣ፣ ስታስወጪ ይውረድ፤ ሌላ ሥራ የለሽም» አለች። ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ግን ሩዙ ንቅንቅ አላለም፤ የሚንቀሳቀሰው ደረቴና ትከሻዬ ብቻ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ ከረጢቱ በትንሹ ከፍ ሲል፣ ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ሲንሸራተቱ የሚያሰሙት ስስ ድምፅ ተሰማኝ። እስከ ዛሬ የትኛውም የዮጋ ትምህርት ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ የሩዝ ድምፅ ነው። በዚያ ሌሊት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ሰዓት ያህል ተኛሁ።

የጣቶቼ መኮራመት ምን እንደነበረ ያስረዳችኝ በማግስቱ ነው። ሰው ሳይሮጥ ወይም ሳይሠራ በፍጥነትና በኃይል ሲተነፍስ፣ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ደሙ ከልኩ ያለፈ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ይሆናል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ለነርቮችና ለጡንቻዎች የሚሰጠው አገልግሎት ስለሚዛባ ጣትና ከንፈር ይወረራል፣ እጅም ይኮራመታል። በድንጋጤ ትንፋሹ የተፋጠነ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ ሐኪሞች የሚያዩት ምልክት ይኸው ነው። ኩንዳሊኒ የመሰለኝ ነገር ማንኛውም ሰው በጥቂት ደቂቃ ሊያመጣው የሚችል የደም ኬሚስትሪ ለውጥ ነበር። ይህን ስሰማ በአንድ በኩል አፈርኩ፣ በሌላ በኩል ከላዬ ሸክም የወረደልኝ ያህል ተሰማኝ።

ታይ በዚህ ብቻ አላለፈችኝም። ስቫትማራማ የተባለ መምህር በ15ኛው መቶ ዘመን የጻፈውና ሐታ ዮጋ ለተባለው፣ በአካልና በትንፋሽ ላይ ለሚያተኩረው የዮጋ ዘርፍ ዋና መጽሐፍ የሚባለው ሐታ ዮጋ ፕራዲፒካ፣ ትንፋሽን ስለመግራት ሲናገር አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ትንፋሽም እንዲሁ ቀስ በቀስ መገራት አለበት፣ ያለዚያ የሚለማመደውን ሰው ይገድላል ይላል። ይህን ቃል በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት አነበበችልኝና ፈገግ ብላ «ባላ፣ አንቺ ነብሩን ጅራቱን ይዘሽ ነው የጎተትሽው» አለችኝ። ባላ ማለት ልጄ ማለት ነው። ያ በቪዲዮ ያየሁት የፍጥነት ትንፋሽ ባስትሪካ ይባላል፤ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን አካልና አመጋገብ ከተስተካከለ በኋላ በመምህር ፊት የሚሠራ እንጂ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ በሌሊት ብቻውን የሚሞክረው አይደለም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የተማርኩት ነገር ቅደም ተከተሉ ከቪዲዮዎቹ ጋር ተቃራኒ ነበር። ፓታንጃሊ የተባለው ሊቅ ከ1600 ዓመት ገደማ በፊት ያዘጋጀው የዮጋ ሱትራ 196 ያህል አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ ዮጋን በ8 ክፍል ይዘረዝረዋል። የመጀመሪያው ክፍል አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛትና አለመስገብገብ ነው። ሰዎች ዮጋ ሲባል የሚያስቡት የአካል አቀማመጥ በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣ ሲሆን፣ ከዚያ ሁሉ ሱትራ ስለ እሱ የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። ከእነዚያም አንዱ አቀማመጥ የጸናና ምቹ ይሁን ይላል፤ በቃ። ታይ «አለመጉዳት» የሚለውን ስታስረዳ ስለ ሌላ ሰው ወይም ስለ እንስሳ አላነሣችም፤ ስለ ጉልበቴ ነበር የተናገረችው። እግሬን እንደ ሎተስ አበባ አጣምሬ ለመቀመጥ ስታገል ስታይ ወንበር አመጣችልኝና «ጉልበትሽ ላይ ግፍ እየሠራሽ ስለ አለመጉዳት ልታሰላስዪ አትችዪም» አለችኝ። እስከ ዛሬ የማሰላስለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ስለ ቻክራዎቹ ለመጠየቅ የደፈርኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። እሷም አንድ የቆየ መጽሐፍ አውጥታ ሥዕሎቹን እያሳየች አብራራችልኝ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው የቻክራ አሰላለፍ በዋናነት የተገኘው ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል ሊቅ በ1577 ከጻፈው ሻት ቻክራ ኒሩፓና ከሚባል ድርሰት ሲሆን፣ ርእሱ ራሱ «የ6ቱ ቻክራዎች መግለጫ» ማለት ነው፤ ሰባተኛው፣ በአናት ላይ ያለው ባለ 1000 ቅጠል ሎተስ፣ ከ6ቱ በላይ ተደርጎ ይቆጠራል። ድርሰቱን በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ውድሮፍ፣ አርተር አቫሎን በሚል የብዕር ስም በ1919 ተርጉሞ አሳተመውና ወደ ምዕራቡ ዓለም ገባ። ሌሎች የሕንድና የቲቤት ጽሑፎች 4፣ 5 ወይም ከዚያ የበለጠ ይቆጥራሉ። አንዱ ከሌላው የሚለያየው አንዳቸው ስለተሳሳቱ አይደለም፤ የማሰላሰያ መንገዳቸው ስለሚለያይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለእኔ ሁሉም ነገር የተፈታው ሥዕሉን በቅርብ ሳየው ነው። እያንዳንዱ ቻክራ በሎተስ አበባ ተሥሏል። በአከርካሪ ሥር ያለው ሙላዳራ 4 ቅጠል አለው፣ ከእሱ በላይ ያለው ስቫዲሽታና 6፣ በእምብርት አካባቢ ያለው ማኒፑራ 10፣ በልብ ያለው አናሃታ 12፣ በጉሮሮ ያለው ቪሹዳ 16፣ በቅንድብ መካከል ያለው አጅና 2። በየቅጠሉ ላይ አንዳንድ የሳንስክሪት ፊደል ተጽፏል። ታይ «ደምሪያቸው» አለችኝ፤ 50 ሆነ። የሳንስክሪት ፊደላት በዚያ አቆጣጠር 50 ናቸው። የሚያሰላስለው ሰው ከታች ወደ ላይ እየወጣ ፊደሉን ሁሉ ይጨርሳል፤ ከዚያ ቃል ወደሌለበት ይደርሳል። በሰፈር የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ላደግሁት ለእኔ ይህ ወዲያው ገባኝ። የፊደል ገበታ በልጅ አእምሮ ውስጥ ሥርዓት የሚያስይዝ ሰሌዳ እንጂ በአካል ውስጥ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ከታች ባሉት 5 ሎተሶች መሀል ደግሞ በየተራ የምድር፣ የውሃ፣ የእሳት፣ የአየርና የሰማይ ምልክት አለ፤ ለእያንዳንዱም የሚደገም አንድ ክፍለ ቃል ተሰጥቶታል፤ ላም፣ ቫም፣ ራም፣ ያም፣ ሃም። ቪዲዮዎቹ ያስተማሩኝ ቀለማት ግን እዚያ አልነበሩም። በቪዲዮው የእምብርቱ ቻክራ ቢጫ፣ የልቡ አረንጓዴ ነው፤ በ1577ቱ ድርሰት የእምብርቱ ሎተስ ቅጠሎች ዝናብ እንዳዘለ ደመና የጠቆሩ ሲሆኑ የልቡ ደግሞ ደማቅ ቀይ ነው። ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄደው የቀስተ ደመና አሰላለፍ በ20ኛው መቶ ዘመን በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋ አዲስ ነገር ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ቢጫ ልብስ ልበሺ፣ ሙዝ ብዪ፣ ሦስተኛው ይከፈታል» ያለኝን ያንን ፈዋሽ ሳስበው ሣቄ ይመጣል።

«ታዲያ እውነት አሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው ታዋቂው የሂንዱ ተሐድሶ መሪ ዳያናንዳ ሳራስቫቲ ይህንኑ ጥያቄ በቢላ እንደመረመረው በገዛ የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። በወጣትነቱ በጋንጌስ ወንዝ ላይ ሬሳ ተንሳፍፎ ሲያይ ዋኝቶ ወደ ዳር አወጣው፤ ከፍቶም የሐታ ዮጋ መጻሕፍቱ ውስጥ ከተጻፈው ጋር አስተያየው፤ የተባለው ነገር ስላልተገኘ መጻሕፍቱን ቀዳዶ ከሬሳው ጋር ወንዙ ውስጥ ጣላቸው። ሌሎች ደግሞ ከሌላኛው ወገን ሞከሩ፤ በ1927 አንድ የቦምቤ ሐኪም ኩንዳሊኒ ማለት ከአንጎል ግንድ ወርዶ ልብን፣ ሳንባንና ሆድ ዕቃን የሚያገናኘው የቬገስ ነርቭ ነው ብሎ ጻፈ። ታይ በሁለቱም አልተስማማችም። ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፤ «በአገርሽ ቋንቋ ኀዘን የት ነው የሚቀመጠው?»

ሳላስብ «ሆድ ውስጥ» አልኩ። ከዚያ ቃሉ ዝም ብሎ እየተከታተለ መጣልኝ። እኛ ስናዝን ሆዳችን ይባባል፤ ስንናፍቅ ሆዳችንን ባር ባር ይለናል፤ ቂም የያዘ ሰው ሆዱ ይሻክራል፤ ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ ነው። ስናዝንለት አንጀታችንን ይበላዋል፣ ስንረካ አንጀታችን ይርሳል፣ ቅቤ ይጠጣል። ለመናገር ስንፈራ ጉሮሯችንን ሳግ ይተናነቀናል። አንድ ሰው ሆደ ሰፊነትን ፍለጋ የሰውን ሆድ ቢቀድ ዳያናንዳ ያገኘውን ያህል ነው የሚያገኘው፤ ሆኖም ሆደ ሰፊነት የለም የሚል የአገሬ ሰው የለም። እየተረጎምኩ ስነግራት በጣም ሣቀች፤ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ዮጋ ሱትራ ሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ሐሳብን በአንድ ቦታ ላይ ማሰር የሚለውን ገለጠችልኝ፤ የቀድሞው ተንታኝ ቪያሳም ቦታ ሲል በእምብርት፣ በልብ፣ በራስ ውስጥ ባለው ብርሃን፣ በአፍንጫ ጫፍ ወይም በምላስ ጫፍ ነው ብሎ ያብራራዋል። ቻክራ ማለት ሐሳብ የሚታሰርበት ችካል ነው። ችካሉን የሚተክለው ሰው ራሱ ነው፤ ተዘግቶ የሚከፈት በር ስላልሆነም ቁልፉን የሚሸጥ ሰው ሊኖር አይችልም።

ይህ ማለት አካል ውስጥ ምንም የሚሆን ነገር የለም ማለት አይደለም። ከፑኔ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስኬደው ሎናቫላ ውስጥ ካይቫልያዳማ የሚባል ተቋም አለ፤ ስዋሚ ኩቫላያናንዳ በ1924 የመሠረቱት ሲሆን፣ የዮጋ ልምምዶችን በኤክስሬይና በግፊት መለኪያ መመርመር ከጀመሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። አንድ እሑድ ሄጄ ግቢውን አይቻለሁ፤ ለውዝና የሸንኮራ ስኳር አቅልጠው የሚሠሩትን የከተማዋን ጣፋጭም ገዝቼ ተመልሻለሁ። በዚያ መንገድ የተመረመሩት ነገሮች ትንፋሽ፣ ግፊትና ጡንቻ ናቸው፤ ሊለኩ ይችላሉ። ዛሬም በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል በዝግታ መተንፈስ የልብ ምት ከትንፋሽ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንዲል እንደሚያደርግና አካልን እንደሚያረጋጋ በደንብ የታወቀ ነው። ሐሳቤን እምብርቴ ላይ ሳሳርፍ የሚሰማኝ ሙቀት ከሳንባዬ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ዲያፍራሜ፣ ስለተፈታ፣ ሆዴ ስለላላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ታይ ፕራና፣ ማለትም የሕይወት ኃይል ነው ትላለች። በዚህ ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም፤ ልምምዱ ግን አንድ ነው።

ስለ እምነት ያልጠየቀኝ ያገሬ ሰው ስለሌለ በግልጽ ልናገር። እኔ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። ዮጋ ስፖርት ብቻ ነው፣ ከሃይማኖት ጋር ምንም አያገናኘውም የሚሉ ሰዎች እውነቱን አያሳጥሩት። የሰውነት ማፍታታቱና ትንፋሹ በእርግጥ ከማንም እምነት ጋር ሊሄድ ይችላል፤ ቻክራዎቹ ግን ታንትራ ከሚባለው የሕንድ የአምልኮ ሥርዓት የመጡ ናቸው፤ በድርሰቱ ውስጥ በየሎተሱ የሂንዱ አማልክት ይቀመጣሉ፤ በሙላዳራ ብራህማ፣ በስቫዲሽታና ቪሽኑ፣ እያለ ይቀጥላል። ይህንን ለታይ ስነግራት አልተከፋችም። «የእኔን አማልክት ስም ጥሪ አላልኩሽም፤ ባታምኚበት ብትጠሪውስ ምን ይጠቅምሻል?» አለችኝ። እኔም የማይመቸኝን ትቼ ትንፋሹንና አቀማመጡን፣ ሐሳብን በአንድ ስፍራ ማሳረፉንም ወሰድኩ። ሌላው ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ተማክሮ የራሱን ድንበር ቢያበጅ መልካም ነው፤ ሳያውቁ ከመግባትም ሳያውቁ ከማውገዝም ይሻላል።

ለጀማሪ የምመክረው ያው ለእኔ የሠራልኝን ነው። ምግብ ከበሉ ቢያንስ 3 ሰዓት ይለፍ፤ በጾም ወራት ማለዳው ለዚህ ይመቻል። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ አንድ ኪሎ የሚመዝን ማንኛውንም እህል ሆድ ላይ አኑሮ 10 ደቂቃ መተንፈስ በቂ ነው፤ 4 እየቆጠሩ መሳብ፣ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ በመሀል አየሩን ይዞ አለመቆየት። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይህ ከተለመደ በኋላ ተቀምጦ በአንዱ አፍንጫ ስቦ በሌላኛው ማስወጣትን መጨመር ይቻላል፤ ናዲ ሾዳና ይባላል፤ በዮጋ አስተሳሰብ በግራ አፍንጫ የሚያልቀውን ኢዳንና በቀኝ የሚያልቀውን ፒንጋላን፣ ማለትም ሁለቱን የፕራና መስመሮች፣ ለማስተካከል የሚሠራ ነው፤ እሱም ቢሆን ትንፋሽ ሳይያዝ። ሐሳብ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ በአንድ ቁጭታ 7ቱን ለመዞር መሞከር በአንድ ቀን 7 መንደር ለቅሶ እንደመድረስ ነው፤ የትም ሳይቀመጡ ይመሻል።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቅርቡ ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የፍጥነት ትንፋሽንና ትንፋሽ መያዝን ጨርሶ አይሞክር። የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለበት ሰው ረጅም ማሰላሰል ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱንም በማንም ምክር አያቋርጥ። በልምምድ መሀል ፍርሃት ከመጣ፣ መታገል አያስፈልግም፤ ዓይንን ገልጦ፣ ሁለቱን እግር ወለል ላይ አድርጎ፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ እያዩ ስማቸውን መጥራት፣ ከዚያ ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ማለት ይበቃል። ጣት ሲወረር፣ ከንፈር ሲደነዝዝ፣ ራስ ሲዞር ደግሞ ትንፋሽ በዝቷል ማለት ነውና ያን ጊዜ ማቆም እንጂ መደሰት አያስፈልግም። እንቅልፍ ማጣቱ ከሳምንት በላይ ከቀጠለም መሄድ ወደ ሐኪም ነው፤ እኔ ሦስት ሳምንት መቆየቴ ስንፍና ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ ስመለስ በደቂቃ የምተነፍሰው ቁጥር እንደገና ከፍ ብሎ ደነገጥኩ። ለጥቂት ቀን «ምን ሆንኩ?» ስል ቆየሁና ፑኔ ከባሕር ወለል በላይ 560 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ መሆኗ ትዝ አለኝ። ሰውነቴ አየሩን እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት ፈጀበት። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ እናቴ «ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ እንቅልፍም እንቢ አለኝ» ስትለኝ፣ ሩዝ ቤት ውስጥ ስላልነበረ አንድ ኪሎ ምስር በፌስታል ቋጥሬ አልጋዋ ላይ ሆዷ ላይ አኖርኩላት። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጸሎት ነው?» አለችኝ። «ጸሎትስ የራስሽን ጸልዪ፤ ምስሩን ብቻ አንሺው፣ አውርጂው» አልኳት። አባታችን ሆይን በለሆሳስ ስትደግም ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ሳትጨርስ ተኛች። በማግስቱ ረቡዕ ስለነበር ምስሩን ወጥ ሠራችው።